በታኅሣሥ ብርድ ወደ ሱባ ደን ለምትወጪ

የእህቴ ልጅ፣

ለገና ሰሞን ከመሥሪያ ቤት ጓደኞችሽ ጋር መናገሻ ሱባ ደን በእግር ልትወጪ እንዳሰብሽ እናትሽ ነገረችኝ። «ጋሼ፣ ተማሪ ይዘህ ስንት ጊዜ ወጥተህበት የለ፣ እስቲ ምከራት» አለችኝ። ምከር የተባለ ጡረተኛ የባዮሎጂ አስተማሪ ደግሞ በአጭሩ አይለቅም፣ ቻይው። ቁጥር የሰጠሁት ስልክሽ ላይ እያየሽ እንዲመችሽ ነው።

አንዱን ግን ከቁጥሩ ውጭ አስቀድሜ ልንገርሽ። የምትሄዱት ደኑ ያለበት ወጨጫ ተራራ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ፎቶ ለመነሣት ብቻ ከሆነ፣ ደኑን አቋርጣችሁ ታልፋላችሁ እንጂ አታዩትም። ከታች እስከ ላይ ስትወጪ ዛፉ ሦስትና አራት ጊዜ ይለዋወጣል። መሄድ ያለብሽ ያንን ለማየት ነው። ጫፉ ከተገኘ ተገኘ፣ ካልተገኘም አልቀረብሽም።

1. ወሩን በደንብ መርጠሻል፤ ሰዓቱን ግን ዕወቂበት።

ሱባ በሐምሌ ጭቃ ነው። ከሰበታ ተገንጥሎ የሚወጣው ጥርጊያ መንገድ መኪና ይይዛል፣ የጫካው መሬት ያንሸራትታል፣ ጫፉንም ደመና ስለሚውጠው ከፊትሽ ያለውን ሰው ጀርባ ብቻ እያየሽ ትወጫለሽ። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ይላል። ከላይ ሆነሽ በስተምሥራቅ አዲስ አበባን፣ ራቅ ብሎ ዝቋላን ለይተሽ የምታዪው በእነዚህ ወራት ነው።

ብርዱን የሚያመጣውም ያው ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ቀን መሬቱ የጠጣው ሙቀት፣ ሌሊት የሚያግደው ደመና ስለሌለ ወደ ላይ ይሄዳል። የቀዘቀዘው አየር ደግሞ ስለሚከብድ ተዳፋቱን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ውርጩን ጫፉ ላይ ስትጠብቂው፣ ንጋት ላይ የምታገኚው ታች ሜዳው ላይ፣ ጤፉ የታጨደበት ማሳ ላይ ነው። ደን ውስጥ ስትገቢ ትንሽ ሞቅ ይልሻል፤ ቅጠሉ ሌሊቱን ሙቀቱን ይዞ አድሯልና። ያ እንዳያታልልሽ። ረፋዱ ላይ ሜዳው በፀሐይ ሲግል የደኑ ጥላ ገና ቀዝቃዛ ነው።

በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ብሎ ነው፤ የምትገባውም ከምሽቱ 12 ሰዓት ካለፈ ብዙም ሳትቆይ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ አመሻሹ አጭር ነው፤ ፀሐይ ከገባች ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ዐይን አይለይም። ዛፍ ሥር ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ በ2 ሰዓት ወይም በ2 ሰዓት ተኩል መራመድ ጀምሩ። የትም ብትደርሱ፣ ጫፉ ሃምሳ እርምጃ ቢቀረውም፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ፊታችሁን አዙሩ። ከመካከላችሁ «ትንሽ ነው የቀረው» የሚል አይጠፋም፤ እሱን አትስሚው።

2. ከመነሣትሽ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቂ።

ያለፉት ዓመታት ያሳዩንን አንቺም ታውቂያለሽ። ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው፤ ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ሰበታ ስትደርሱም የአካባቢውን ሹፌር መልሳችሁ ጠይቁ፤ ለሹፌር መንገዱ እንጀራው ነውና ከሁሉ በፊት ወሬው እሱ ጋ ይደርሳል። «ዛሬ ባይሆን ጥሩ ነው» ካላችሁ ሳትከራከሩ ተመለሱ። ደኑ የትም አይሄድም።

በሩ ላይ የመግቢያ ከፍላችሁ አስጎብኚ ያዙ። ሒሳብ ለመቆጠብ ብላችሁ ብቻችሁን አትግቡ። ከብት የሚሄድበት ዱካና የሰው መንገድ ደን ውስጥ አንድ ይመስላሉ።

3. ልብስ ደራርቢ እንጂ አታወፍሪ።

ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የወጨጫ ጫፍ 3,385 ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ መሐል በ1,000 ሜትር ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ከተማው 20 ዲግሪ ሲሆን እዚያ 14 ገደማ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ አያስፈራም፣ ነፋሱ ነው የሚያስፈራው። አቀበቱን ስትወጪ ያልብሻል፤ ላቡ ሸሚዝሽን ያርሰዋል፤ ጫፉ ላይ ስትቆሚ ነፋሱ ያንን እርጥብ ሸሚዝ ገላሽ ላይ ያቀዘቅዘዋል። ሰው ተራራ ላይ የሚንቀጠቀጠው ልብስ አንሶት ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በገዛ ላቡ ነው።

እንዲህ አድርጊ፤ ከውስጥ ቶሎ የሚደርቅ ቲሸርት፣ ከላይ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት። መራመድ ስትጀምሪ ትንሽ ብርድ ብርድ ይበልሽ፤ በሩ ላይ ሞቆሽ ከጀመርሽ በሩብ ሰዓት ውስጥ ላብ በላብ ነሽ። አንድ ደረቅ ቲሸርት በፌስታል ጠቅልለሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና ላይ ስትደርሺ ቀይሪ። ጋቢ ልውሰድ እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ለማረፊያ የጋቢን ያህል የሚሞቅ የለም፣ ግን ክብደቱን የሚሸከምልሽ ወንድ ካላገኘሽ ተዪው።

ብርድ ነው ብለሽ ባርኔጣ እንዳትረሺ። አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም በዚያ ከፍታ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ማታ ቤትሽ ስትገቢ ነው አፍንጫሽ መላጡን የምታውቂው።

4. አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን አትግዢ። እግርሽ የለመደው፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ ይበቃል። ካልሲ ሁለት ያዢ። ሱሪሽ ረጅም ይሁን፤ ሳማውም፣ ቀጋውም፣ የዱር እንጆሪውም እሾህ መንገዱ ዳር ነው የሚጠብቅሽ።

5. ስንቅ።

ጾመ ነቢያት ስለሆነ ከእናትሽ ጋር አልከራከርም። ደግነቱ የተራራ ስንቃችን ዱሮም የጾም ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፤ ከዚህ የተሻለ ነገር ሱፐርማርኬት ውስጥ አላየሁም። በሶውን በትንሽ ጨውና ውኃ እዚያው በጥብጠሽ ጠጪ፤ ጨዉ ለላቡ ነው። ጾሙን እስከ ቀትር የምትጠብቂ ከሆነ ግን በዚያ ቀን ዳገት አትውጪ፣ ወይም ታችኛውን ጫካ ብቻ ተዘዋውረሽ ተመለሽ።

ውኃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ያዙ። በዚህ ወር ምንጮቹ ይቀንሳሉ፤ የሚፈሰውም ከላይ ከብት የጠጣበት ነው፣ ጥራቱን በዐይን አትለዪውም። ብርድ ሲሆን ጥማት አይሰማሽም፣ ቢሆንም ጠጪ። ባዶ ሃይላንድ የሚጣልበት ቦታ ደን ውስጥ የለም፤ ይዘሽው የወጣሽውን ይዘሽው ውረጂ።

ከዱባይ ለበዓል የምትመጣው ጓደኛሽ አብራችሁ ከወጣች፣ ከአውሮፕላን በወረደች ማግሥት እንዳትወስጃት። ዱባይ ባሕር ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። መጀመሪያ ጥቂት ቀን አዲስ አበባን ትልመደው። ራሷን ካመማትና ካቅለሸለሻት «ቡና ጠጪ ይለቅሻል» አትበሏት፤ ይዛችኋት ውረዱ።

6. ዛፎቹን በየተራ እወቂያቸው። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ።

ስትገቢ የሚቀበሉሽ ሁለት ግዙፎች ናቸው፤ ጥድና ዝግባ። ብዙ ሰው ሁለቱንም «ጥድ» ብሎ ያልፋቸዋል። ግንዱን ተመልከቺ። የጥድ ልጥ ከላይ ወደ ታች በቀጭን በቀጭኑ እየተሰነጠቀ የሚላጥ ነው፤ የዝግባው በገበታ በገበታ እየተነሣ ይወድቃል። የጥዱ ቅጠል ደቃቅ ቅርፊት ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ ተለጥፏል፤ የዝግባው ጠባብና ረዘም ያለ ጫፈ ሹል ነው። ወድቆ ያገኘሽውን የጥድ ስባሪ አንሺና አሽትቺው። አዲስ እርሳስ ስትቀርጪ የሚሸተው ነው፤ በዓለም ገበያ የዚህ ዛፍ እንጨት እርሳስ መሥሪያ ነበር። ምስጥም አይደፍረውም፤ አያቶቻችን የቤት ምሰሶውንና የአጥሩን እንጨት ከጥድ የቆረጡት ለዚህ ነው፣ ጥዱም ያለቀው ለዚሁ ነው።

ከዚያ ጎንበስ በዪና ከትልልቆቹ ጥዶች ሥር ያለውን ችግኝ እዪ። አብዛኛው የጥድ ልጅ አይደለም። የጥድ ችግኝ ብርሃን ይወዳል፣ በእናቱ ጥላ ሥር አያድግም። ጥላ የሚችሉት እነ ዝግባ ናቸው። ተማሪዎቼን እዚህ ቦታ ላይ አቁሜ «እንግዲህ ሰው ካልነካው ይህ ደን ከብዙ ዘመን በኋላ የምን ደን ይሆናል?» እላቸው ነበር። አንቺም ጓደኞችሽን ጠይቂያቸው፤ ከስፒከር የተሻለ ያጫውታል።

እነዚህ ዛፎች እንዴት እንደተረፉ ማወቅም አለብሽ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጥድ ዘር በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እዚህ አስተከሉ ይባላል። የአሁኖቹ ሽማግሌ ጥዶችም ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ይነገራል። እኔን ግን የሚደንቀኝ የኋለኛው ዘመን ነው። በምኒልክ ጊዜ አዲስ አበባ በማገዶና በቤት እንጨት እጦት ተይዛ፣ የእንጦጦ ተራራ ተመልጦ፣ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ተደርሶ ነበር። ከጭንቁ ያወጣት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ያ ሁሉ መጥረቢያ በግማሽ ቀን መንገድ ላይ እያለ ይህ ጫካ ቆሞ ቀረ። ስለዚህ ስትወጪ በመንገድሽ ያለውን ባሕር ዛፍ ብዙ አትርገሚው፤ ውኃ ይጠጣል፣ እውነት ነው፣ ግን የጥዱን ዕዳ የከፈለውም እሱ ነው።

ከፍ እያልሽ ስትሄጂ ዝግባው ይቀርና ኮሶ ይመጣል። ዕድልሽ ሆኖ በዚህ ወር ኮሶ ያብባል። ወንዱና ሴቷ የተለያየ ዛፍ ላይ ናቸው። ቀላ ያለ፣ ጥቅጥቅ ብሎ ቁልቁል የተንጠለጠለ አበባ ካየሽ ሴቷ ናት፤ ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ነጭና ብጫ የሚያደላ ከሆነ ወንዱ ነው። እኛ ልጆች ሳለን የምንጠጣው ኮሶ የሴቷ አበባ ነበር፤ ደርቆ ተፈጭቶ በማለዳ በባዶ ሆድ። ትሉን ያወጣል፣ አንቺንም አብሮ ሊያወጣሽ ይደርሳል። ስለ ምሬቱ ብጽፍልሽ አታምኚኝም፣ እናትሽን ጠይቂያት። የኮሶው ልጥ ቀላ ብሎ በስሱ ይላጣል፤ ከቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጺም ግራጫ ሆኖ የሚንጠለጠለው ግን የዛፉ አይደለም፣ ሌላ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ከደመናው እርጥበት እየቀዳ የሚኖር። ዛፉን አይበላውም፣ ተጠግቶ ይኖራል እንጂ።

ከኮሶው በላይ ዛፉ እያጠረ ይመጣል። ብጫ አበባ ያለው አሜጃ፣ ቀጥሎም ቅጠሉ ደቃቅ የሆነው አስታ። እዚህ ስትደርሺ ሰማዩ ይከፈታል፣ ነፋሱም ይጀምራል። ጃኬትሽን የምታወጪው እዚህ ነው፣ ጫፉ ላይ አይደለም።

7. እንስሳ ማየት ከፈለግሽ ዝም በዪ።

ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀና ብለሽ የዛፎቹን ጫፍ እዪ፣ ፀሐይ የመታውን በኩል። ጉሬዛ ሌሊቱን በብርድ አድሮ ረፋድ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ ቅጠል በሊታ ስለሆነ አይጣደፍም፣ ሆዱ ሞልቶ ቁጭ ነው። ጥቁርና ነጭ ጠጉሩ ከሩቅ ይታያል። ከመካከላቸው ድፍን ነጭ የሆነ ትንሽ ካየሽ በቅርቡ የተወለደ ነው፤ ግልገሉ ነጭ ሆኖ ይወለድና እያደገ ሲሄድ የወላጆቹን መልክ ይይዛል። በአንድ ወቅት የጉሬዛ ቆዳ ምንጣፍ ለቱሪስት በየሱቁ ይሰቀል ነበር፤ ስንቱ ጉሬዛ ተሰፍቶ አንድ ምንጣፍ እንደሚሆን ቁጭ ያለውን ቆጥረሽ ገምቺ።

ድኩላን የምታገኚው በጆሮሽ ነው። ጫካ ውስጥ ውሻ የጮኸ ከመሰለሽና ቤት በአቅራቢያው ከሌለ፣ ድኩላ ነው፤ አይቶሻል፣ ሲደነግጥ እንደዚያ ይጮኻል። ወንዱ ጠቆር ያለ ነው፤ በፈረንጆቹ አጠራር የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ይኸው የእኛ ደጋ ዘር ነው። ነብር አለ ይላሉ፤ እሱን ለማየት ተስፋ አታድርጊ፣ እሱ ግን ያይሽ ይሆናል።

ከወፎቹ አንዱን ብቻ ልንገርሽ፤ ሌላውን አስጎብኚው ያሳይሻል። ቅርንጫፍ ላይ እየሮጠ የሚሄድ፣ ጉንጩ ላይ ነጭ ያለበት አረንጓዴ ወፍ አለ፤ ተቀምጦ ሳለ ከቅጠሉ አትለዪውም። ሲበር ግን ክንፉ ውስጥ ደም የመሰለ ቀይ ይወጣል። ያ ቀለም መዳብ ያለበት ነው፤ ከዚህ ወፍ ወገን ውጭ ሌላ ወፍ ዘንድ አይገኝም። ለፎቶ ስልክሽን እስክታወጪ ስለሚሰወር በዐይንሽ ብቻ እዪው።

8. እሳት።

በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። በታኅሣሥ ሣሩ ደርቋል፤ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት እየባሰ ይሄዳል። ላይ ያለው አስታ እርጥብ እያለ እንኳ ይነዳል። በ1992 ዓ.ም. በየካቲትና በመጋቢት የባሌና የቦረና ደኖች ሲቃጠሉ ለሳምንታት የሚያጠፋቸው ጠፍቶ ነበር። ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛ ካላችሁ ማጨሻው በሩ ላይ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ፓኬቱ አንቺ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በፔርሙስ ያዙ። ከሰልና ጀበና ይዘን እዚያ እናፍላ፣ ደስ ይላል የምትል አትጠፋም። ደስ ይላል፣ ግን አይሆንም።

9. ሰው ያለበት አገር ነው።

ደኑ ዙሪያውን ገበሬ አለ። በመንገዳችሁ አውድማ ላይ ጤፍ የሚወቃ ታገኛላችሁ፤ ቆም ብላችሁ ሰላም በሉ። «አካም ጅርቱ» በዪ፣ ሲሸኙሽም «ገለቶማ» በዪ፤ ከዚያ ያለፈውን ኦሮምኛ ባታውቂም ፊታቸው ሲፈታ ታያለሽ። ከታላላቆቹ ጀምረሽ ሰላም በዪ። ጭራሮ ተሸክማ ቁልቁል የምትወርድ ሴት ካገኘሽ መንገዱን ልቀቂላት፤ ሸክም ያለበት ሰው ይቀድማል፣ እሷን አስቁሞ ፎቶ ማንሣትም ነውር ነው። እንጨቱን ከየት አመጣሽ እያላችሁም አትጠይቋት። የከተማ ሰው ደን ሲወድ ቅድሚያ የሚቆጣው በእነዚህ ሴቶች ነው፤ ማታ የሚበላውን ወጥ ማን በምን እንደሚያበስለው ግን አያስብም።

ውሻ ካለበት ግቢ አጠገብ አትሩጡ። ለልጆቹ ገንዘብ አትስጡ፤ መስጠት ካሻችሁ ለአስጎብኚው ጨመር አድርጋችሁ ክፈሉት፣ እሱ የእነሱው ልጅ ነው።

10. መመለሻሽን ጠዋት ጨርሺው።

ከሱባ ወደ ሰበታ በመንገድ ላይ ታክሲ እጠብቃለሁ ብለሽ እንዳትቆሚ። ያደረሳችሁን መኪና እስከ ማታ ተዋዋሉት፤ ሒሳቡን ግማሹን ጠዋት፣ ግማሹን ስትመለሱ ስጡ። ሁሉንም ጠዋት የተቀበለ ሹፌር ሰዓት አይጠብቅም። ከሰበታ ወደ አየር ጤና የሚመጣው መንገድ ከ11 ሰዓት በኋላ ይጨናነቃል፤ የበዓል ሰሞን በግና ዶሮ የጫነው ስለሚጨመር ከዚያም ይብሳል። ሸለቆው ውስጥ ስልክ ላይሠራ ይችላል፤ ለእናትሽ በሩ ላይ ሆነሽ ደውይላት፣ ስትወጪም፣ ስትወርጂም። እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድምፅሽን ካልሰማች የምትደውለው ለእኔ ነው፤ እኔ ደግሞ የምደውልለት ሰው እንዲኖረኝ፣ የሹፌሩን ቁጥርና የታርጋውን ቁጥር ከመነሣታችሁ በፊት ላኪልኝ።